የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላትንና ፈሊጦችን ከምንጫቸው ለይቶ የመጠቀም መመሪያ

«ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አስገቡ» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ሊጽፍ የተቀመጠ ሠራተኛ «እስከ» ለሚለው ቃል ቀድሞ የሚመጣለት «አንቲል» ነው። ዐረፍተ ነገሩ ደህና ይመስላል፤ ፊደሉ አልተሳሳተም፤ ኮምፒውተሩም ቀይ መሥመር አያሰምርበትም። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አንባቢ ግን ግር ይለዋል፤ ቃሉ የሚነግረው ዓርብ እስኪደርስ ሳያቋርጥ ሪፖርት ሲያስገባ እንዲቆይ ነውና። የሚያስፈልገው ቃል «ባይ» ነበር።

እንዲህ ያለ ስሕተት ከስንፍና አይመጣም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማሩ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ ሪፖርት ሲጽፉ የሚውሉ ሰዎች ሁሉ ይሠሩታል። ችግሩ ያለው በአጠናናችን ነው። የሚምታቱ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርገን እንሸመድዳለን፤ ጎን ለጎን የተሸመደዱ ሁለት ቃላት ደግሞ ጥንድነታቸውን እንጂ ልዩነታቸውን አያስይዙም። በሚፈለጉበት ሰዓት ሁለቱም አብረው ይመጡና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ መምታታቱስ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው ግን አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ይኖረዋል። ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ አይረሳም።

ለሥራው አንድ ደብተርና ኢንተርኔት ያለው ስልክ ይበቃል። ሜሪያም-ዌብስተርና ኮሊንስ መዝገበ ቃሎቻቸውን በነጻ ያስነብባሉ፤ ለቃላት ምንጭ ብቻ የተዘጋጀው «ኦንላይን ኢቲሞሎጂ ዲክሽነሪ»ም ክፍያ አይጠይቅም። እዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል አሰፍራለሁ፤ አጻጻፉ ልዩነት በሚያመጣበት ቦታ ፊደሎቹን በስማቸው እጠራለሁ። እርስዎ በደብተርዎ በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ዝርዝሩን ከራስዎ ጽሑፍ ያውጡ

ያለፉ ደብዳቤዎችዎን፣ ሪፖርቶችዎንና የሥራ ማመልከቻዎችዎን ይክፈቱ። አለቃ፣ አርታኢ ወይም መምህር ያረመባቸውን ቦታዎች ብቻ ይሰብስቡ። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ረጅም ዝርዝር አያስፈልግም፤ አንድ ሰው የሚያምታታቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፣ የሚያስቸግሩት እየተመላለሱ ስለሚመጡ ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ገጽ ይስጡ፤ ቃሉን ነጥለው ሳይሆን የተሳሳተበትን ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይገልብጡ። ስሕተቱ የሚፈጠረው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለሆነ የሚታረመውም እዚያው ነው።

2. መምታታቱ ከአማርኛ መምጣቱን ይፈትሹ

ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛ ይመልሷቸው። ሁለቱም በአንድ የአማርኛ ቃል ከተመለሱ ምንጩ ተገኘ ማለት ነው። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለራሳቸው ያዘጋጇቸው ዝርዝሮች ውስጥ ግን አይገኝም፤ እነርሱ በዚህ አይቸገሩም።

«እስከ»ን እንመልከት። «እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ» ሲባል መጠበቁ ሳይቋረጥ እስከ ዓርብ ይዘልቃል፤ ይህ «አንቲል» ነው። «እስከ ዓርብ አስገባ» ሲባል ግን ማስገባቱ የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፣ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ይህ «ባይ» ነው። መለያው ጥያቄ «ሥራው እየቀጠለ ይቆያል ወይስ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያበቃል?» የሚል ነው። አሉታዊ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ ጥንቃቄ ይጨምሩ፦ «እስከ ዓርብ አትክፈል» ቢሉ አለመክፈሉ እየቀጠለ ስለሚቆይ «አንቲል» ትክክል ነው።

«አስታወሰ» ሁለተኛው ወጥመድ ነው። «በጸሎትህ አስታውሰኝ» እና «ነገ ጠዋት አስታውሰኝ» በአማርኛ አንድ ግስ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ሪሜምበር»፣ ሁለተኛው «ሪማይንድ» ነው። «ሪሜምበር» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የላቲን ቃል ሲሆን ሰው በራሱ ልብ የሚያደርገውን ይናገራል። «ሪማይንድ» ደግሞ «ማይንድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ «እንደገና» የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት የተሠራ ነው፤ አንድ ነገር ወደ ሌላ ሰው ልብ መመለስ ማለት ነው። ስለዚህ አስታዋሹና የሚያስታውሰው ሰው የተለያዩ ከሆኑ «ሪማይንድ» ይጻፉ።

«አሸነፈ»ም እንዲሁ ነው። ተጋጣሚን ማሸነፍ «ቢት»፣ ዋንጫን፣ ጨዋታን ወይም ሽልማትን ማሸነፍ «ዊን» ነው። የቃላቱ ጥንት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። «ቢት» ከጥንት ጀምሮ መምታት ነው፤ የሚመታ ደግሞ ተጋጣሚ ነው እንጂ ዋንጫ አይመታም። «ዊን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ መድከም፣ መታገል ማለት ነበር፤ በኋላ ታግሎ ማግኘት ሆነ። እንግዲህ ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው የተደከመለት ነገር ነው። «እኛ እነርሱን አሸነፍን» ለማለት «ዊ ወን ዜም» ብሎ መጻፍ ተጋጣሚውን እንደ ሽልማት ወስዶ ወደ ቤት መግባት ይሆናል።

«ጣት» ለእጅም ለእግርም መሆኑ፣ «እግር» ከጭን እስከ ጫማ ድረስ መጠራቱ፣ «ቤት» ለሕንፃውም ለመኖሪያውም መዋሉ በዚሁ መንገድ ይመረመራሉ።

3. አማርኛ የሚረዳበትንም ይፈልጉ

አማርኛ ወጥመድ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚያምታቷቸው አንዳንድ ጥንዶች ለእኛ ቀላል መሆን የሚገባቸው ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ቀዳሚው «ላይ» እና «ሌይ» ነው።

«ላይ» መጋደም፣ መተኛት ነው፤ «ሌይ» ማጋደም፣ ማስተኛት ነው። «ሲት» መቀመጥ፣ «ሴት» ማስቀመጥ። «ራይዝ» መነሣት፣ «ሬይዝ» ማንሣት። «ፎል» መውደቅ፣ «ፌል» ዛፍ ቆርጦ መጣል። አማርኛ «ተኛ» ብሎ «አስተኛ»፣ «ተቀመጠ» ብሎ «አስቀመጠ» እንደሚለው፣ የእንግሊዝኛ ቅድመ አያት የሆነው ጀርመናዊ ቋንቋም አስደራጊ ግስ ያወጣ ነበር። እኛ ከፊት ቅጥያ እንጨምራለን፤ እነርሱ የሚጨምሩት ከኋላ ነበር፤ ያ የኋላ ቅጥያ በዘመናት ብዛት ተበልቶ ጠፋና የቀረው የአናባቢ ልዩነት ብቻ ሆነ። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕፃን እነዚህን ጥንዶች የሚያገናኝ ሕግ በቋንቋው ውስጥ አይሰማም። አማርኛ ተናጋሪው ሕፃን ግን ሕጉን በቀን መቶ ጊዜ ይጠቀምበታል።

እንግዲህ ከመጻፍዎ በፊት ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይበሉትና «ምንን?» ወይም «ማንን?» ብለው ይጠይቁ። «ሕሙሙ አልጋው ላይ ተኛ»፤ ማንን? መልስ የለውም፤ «ላይ» ነው። «ነርሷ ሕሙሙን አልጋው ላይ አስተኛችው»፤ ማንን? ሕሙሙን፤ «ሌይ» ነው።

ችግሩ የሚበረታው ኃላፊ ጊዜ ላይ ሲደረስ ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለው ይሂዱ። የ«ላይ» ኃላፊ ጊዜ «ሌይ» ነው፤ አስደራጊው ግስ ራሱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ሦስተኛው ቅርጹ «ሌይን» ይሆናል። የአስደራጊው «ሌይ» ኃላፊ ደግሞ «ሌይድ» ነው፤ ሦስተኛውም «ሌይድ»። ስለዚህ «ሕሙሙ ትናንት ቀኑን ሙሉ ተኛ» ሲባል «ሌይ»፣ «ነርሷ ትናንት አስተኛችው» ሲባል «ሌይድ» ይጻፋል። የ«ፎል» ኃላፊም «ፌል» ሆኖ ከአስደራጊው ጋር ይገጥማል፤ ይህን ያስተዋለ ሰው የ«ላይ»ን ጉዳይ ብቸኛ ጉድ አድርጎ አያየውም። መዋሸት ማለት የሆነው ሌላው «ላይ» ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ኃላፊው «ላይድ» ነው።

አንድ ቦታ ላይ አማርኛው ራሱ ይከዳል። «የነዳጅ ዋጋ ጨመረ» እና «ባለ ሱቁ ዋጋ ጨመረ» በአማርኛ አንድ ግስ ናቸው። «ምንን?» የሚለው ጥያቄ ግን ይለያቸዋል፦ ነዳጁ «ራይዝ»፣ ባለ ሱቁ «ሬይዝ»።

«ቦሮው» እና «ሌንድ»ም እዚህ ይገባሉ። አማርኛ ከአንድ ሥር «ተበደረ» እና «አበደረ»፣ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ብሎ ያወጣል፤ እንግሊዝኛ ከሁለት የተለያዩ ሥሮች ይወስዳል፣ ተማሪውም የሚሳሳተው ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ስለማያይ ነው። ማሰሪያው ይህ ነው፦ «ቦሮው» የወጣው በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዋስ፣ መያዣ ማለት ከሆነው «ቦርግ» ነው። «ተዋሰ»ንና «ዋስ»ን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጧቸው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንዱን ማኅበራዊ ልማድ በአንድ ዓይነት መንገድ ቃል አድርገውታል፤ የሚወስደው ሰው ዋስ ያቀርባል። «ቦሮው» የተዋሹ ነው፤ «ሌንድ» የአዋሹ።

4. በጆሮ የማይለዩትን በፊደላቸው ታሪክ ይያዙ

ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚኒስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ሲያቆም የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ገና በመለወጥ ላይ ነበሩ። ኅትመት አጻጻፉን ቀስ በቀስ አጸናው፤ አነጋገሩ ግን መንገዱን ቀጠለ። በዚያ ላይ ላቲን የሚያውቁ ሊቃውንት ማንም የማይጠራቸውን ፊደሎች አስገቡ፤ ዕዳ ማለት በሆነው «ዴት» ውስጥ ያለችው ቢ የላቲኑን ሥር ለማሳየት የተጨመረች ናት። በዚህ ምክንያት ጆሮ አንድ አድርጎ የሚሰማውን ዓይን ሁለት አድርጎ ያነባል። መፍትሔው ልዩነቱን ያመጣችውን አንዲት ፊደል መያዝ ነው።

«ስቴሽነሪ»ን ልብ ይበሉ፤ በየከተማው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሰሌዳ ላይ ተሳስቶ የሚጻፍ ቃል ነውና። በኤ የሚጻፈው የማይንቀሳቀስ፣ የቆመ ማለት ነው። በኢ የሚጻፈው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል የወጡ ናቸው፤ ትርጉሙም ቋሚ ቦታ ያለው ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አብዛኛው ነጋዴ እየዞረ ሲሸጥ መጽሐፍ ሻጩ ግን በተለይ በዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ ቋሚ ሱቅ ነበረው፤ ስለዚህ «ስቴሽነር» ተባለ። ዳቦ ጋጋሪው «ቤከር» ቤቱ «ቤከሪ» እንደሚባል ሁሉ፣ የ«ስቴሽነር» ዕቃም በኢ የሚጻፍ «ስቴሽነሪ» ሆነ። ሰሌዳ ከማስጻፍዎ በፊት ነጋዴውን ያስቡ፤ የነጋዴው ስም በኢ-አር ያልቃል።

«ፕሪንሲፓል» እና «ፕሪንሲፕል» ሁለቱም የመጀመሪያ፣ ቀዳሚ ከሚል ላቲን ናቸው። በኤ-ኤል የሚያልቀው ዋና ማለት ነው፦ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ወይም በባንክ ውል ላይ ከወለዱ ተለይቶ የሚጠቀሰው ዋናው የብድር ገንዘብ። በኤል-ኢ የሚያልቀው መርሕ ነው፤ ደንብ ማለት የሆነው «ሩል»ም በኤል-ኢ ያልቃል። የብድር ውል በእንግሊዝኛ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

«ኮምፕሊመንት» በሁለቱም አጻጻፉ መሙላት ከሚል ላቲን ወጥቷል። በኢ የሚጻፈው የጎደለውን የሚሞላ፣ የሚያሟላ ነው፤ ሙሉ የሚለው «ኮምፕሊት»ም ያችኑ ኢ ይዟል። በአይ የሚጻፈው በሮማንስ ቋንቋዎች በኩል ዞሮ የመጣ ሲሆን የጨዋነትን ግዴታ መሙላት፣ ማለትም ማመስገን ሆነ።

«አፌክት» እና «ኢፌክት»ን ቅጥያዎቻቸው ይለዩአቸዋል። በኤ የሚጀምረው «ወደ» የሚል የላቲን ቅጥያ አለው፤ ወደ አንድ ነገር መድረስ፣ መንካት ነው፦ ድርቁ ገበሬውን ነካው። በኢ የሚጀምረው «ወደ ውጭ» ከሚል ነው፤ ተሠርቶ የወጣው ውጤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ግስ፣ ሁለተኛው ስም ሆኖ ያገለግላል። ነገር ግን በኢ የሚጀምረው ግስ ሆኖ ሲመጣ ማስገኘት፣ ሥራ ላይ ማዋል ማለት ይሆናል፦ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለውጥ አመጣ። ሥሩን ያወቀ ሰው ይህን እንደ ልዩ ሁኔታ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ «ሠርቶ አወጣ» ማለት ስለሆነ በራሱ ይገባዋል።

«ዲስክሪት» ደግሞ አንዱ ምስጢር ጠባቂ፣ አንዱ የተነጣጠለ ማለት ነው፤ ሁለቱም መለየት ከሚል ሥር ናቸው። የተነጣጠለ ማለት በሆነው ውስጥ ሁለቱን ኢዎች ቲ ነጣጥላቸዋለች፤ ሌላ ማስታወሻ አያሻም።

«አድቫይስ» ስም ሲሆን በስ፣ ግስ ሲሆን በዝ ድምፅ ይነገራል፤ አጻጻፉም ስሙ በሲ፣ ግሱ በኤስ ነው። ለጆሮ ልዩነት የሌላቸው «ፕራክቲስ» እና «ላይሰንስ» በብሪታንያ አጻጻፍ ይህንኑ ይከተላሉ። በአሜሪካ ግን «ፕራክቲስ» ስምም ግስም በሲ፣ «ላይሰንስ» ስምም ግስም በኤስ ይጻፋል። ከሁለቱ አንዱን መርጠው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይጽኑበት።

«ኢትስ» ላይ ጭረት (አፖስትሮፍ) የሚደረገው «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ተብሎ ሊዘረዘር ሲችል ብቻ ነው።

5. ሁለት ፊት ያላቸውን ቃላት ለብቻ ይመዝግቡ

ለተርጓሚዎችና ለጋዜጠኞች ከሁሉ የሚከፋው አንድ ቃል ሆኖ ተቃራኒ ነገር የሚናገረው ነው። «ሳንክሽን» በዜና ማዕቀብ ነው። «በቦርዱ ሳንክሽን የተደረገ ዕቅድ» ሲባል ግን በቦርዱ የጸደቀ ማለት ነው፤ ማዕቀብ የተጣለበት ብሎ መተርጎም ዜናውን ይገለብጠዋል። የላቲኑ ሥር አንድን ነገር ቅዱስና የማይጣስ አድርጎ ማጽናት ነበር። ሕግ የሚጸናው በማጽደቅ ነው፤ የሚከበረው ደግሞ በተላላፊው ላይ በሚጣል ቅጣት ነው፤ ቃሉ ሁለቱንም ይዞ ቀረ።

«ኦቨርሳይት»ም አንድ ጊዜ ከበላይ ሆኖ መቆጣጠር፣ አንድ ጊዜ ሳያዩ አልፎ መሳሳት ነው። ኮሚቴ አጠገቡ ካለ ቁጥጥር ነው፤ ይቅርታ አጠገቡ ካለ መዘንጋት ነው። የእነዚህን ቃላት ገጽ ለሁለት ይክፈሉና በየፊቱ አብረዋቸው የሚመጡትን ቃላት ይጻፉ።

6. ደንቡ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ

ሁሉም ደንብ እኩል ክብደት የለውም። «ፊወር» ለሚቆጠር፣ «ሌስ» ለማይቆጠር የሚለውን እንደ ሰዋስው ሕግ ተምረነዋል። ነገሩ በጽሑፍ የተገለጸው ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ እርሱም ያቀረበው እንደ ግል ምርጫው ነበር። ከእርሱ ከዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በፊት እንግሊዛዊው ንጉሥ አልፍሬድ «ሌስ»ን ለሚቆጠር ተጠቅሞበታል። ታዲያ በሥራ ጽሑፍ ላይ ደንቡን ያክብሩ፤ አንባቢ የሚጠብቀው እርሱን ነውና። በንግግር የጣሰውን ሰው ግን ማረም አያስፈልግም፤ ያልተሳሳተን ሰው ማሳፈር ይሆናል። «ላይ»ንና «ሌይ»ን ማቀያየር ግን በሥራ ጽሑፍ ዘንድ ዛሬም ስሕተት ነው።

7. ፈሊጡ የሚያሳየውን ነገር በዓይነ ልቦናዎ ይመልከቱ

ፈሊጥ መጀመሪያ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ነበር። ያንን ነገር ያየ ሰው ፊደሉንም አይስትም።

«ፍሪ ሬይን» መስጠት ማለት ለሰው እንደ ፈቃዱ እንዲሠራ መልቀቅ ነው። ብዙዎች፣ እንግሊዛውያንም ጭምር፣ «ሬይን»ን ጂ አስገብተው ንግሥና ማለት በሆነው ፊደል ይጽፉታል። ትክክለኛው የፈረስ ዛብ ነው። ጋላቢው ዛቡን ያላላዋል፤ ፈረሱ እንደወደደ ይሄዳል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው፦ በአማርኛ «ልጓም የሌለው» ስንል ነቀፌታ አለበት፤ በእንግሊዝኛው ግን ሰጪው አምኖ የሰጠው ነጻነት ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው አይተርጉሙ።

«ቶ ዘ ላይን» በሚለው ውስጥ ያለው የእግር ጣት ነው እንጂ መጎተት ማለት የሆነው ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል አይደለም። ሰዎች ተሰልፈው የእግር ጣታቸውን ከመሥመሩ ያስተካክላሉ፤ ትርጉሙ የታዘዙትን መጠበቅ ነው።

«ቤትድ ብሬዝ» ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ መጠበቅ ነው። «ቤትድ» መቀነስ ከሚለው «አቤት» የተቆረጠ ነው፤ አይ ገብታበት ሲጻፍ ዓሣ ማጥመጃ ላይ የሚደረግ ምግብ ይሆናል። ፈሊጡ በሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ ይገኛል።

«ዋን ፌል ስዉፕ» ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይገባዋል። ዛሬ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ምት ማለት ነው፤ ሦስት ችግር በአንድ ውሳኔ ሲፈታም ይባላል። ሼክስፒር ግን «ማክቤዝ» ላይ ያመጣው ሚስቱና ልጆቹ ሁሉ መገደላቸውን በሰማ ሰው አንደበት ነው። ይህ ሰው፣ ማክደፍ፣ ገዳዩን የሲኦል ጭልፊት ይለዋል፤ ጫጩቶቼን ሁሉ ከነእናታቸው በአንድ ጭካኔ ውርወራ ወሰድክን? ይላል። «ስዉፕ» ጭልፊት ከሰማይ ተወርውሮ መውረዱ ነው፤ ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ፌል» ደግሞ ከመውደቅም ዛፍ ከመጣልም ጋር አይገናኝም፤ ጨካኝ ማለት የነበረ፣ ወንጀለኛ ከሚለው «ፌለን» ጋር የሚዛመድ አሮጌ ቃል ነው። ከዚህ ፈሊጥ ውጭ ስለማይሰማ ሰዎች «ፋውል» እያሉ ይቀይሩታል። ጭልፊቱን ያየ ሰው አይቀይረውም፤ በሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ላይም ቃሉን እንደ ዋዛ አይጥለውም።

«ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዮር ኮርት» የቴኒስ ሜዳ ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም።

8. የፈሊጥ ታሪክ ሲነገርዎት ቀን ይጠይቁ

ፈሊጦች ምንጫቸው በጠፋ ቁጥር ሰው ታሪክ ይፈጥርላቸዋል፤ ታሪኩም እንደ እውነት ይዞራል። «ሩል ኦቭ ዘም» ግምታዊ መለኪያ ማለት ነው። ባል ሚስቱን ከአውራ ጣቱ በማይወፍር በትር እንዲመታ ከሚፈቅድ የእንግሊዝ ሕግ የመጣ ነው የሚል ወሬ በሰፊው ተሰራጭቷል። በ1782 ዳኛ ፍራንሲስ ቡለር እንዲህ ያለ አስተያየት ሰጥቷል ተብሎ በካርቱን «ዳኛ አውራ ጣት» ተብሎ ተዘልፏል። ፈሊጡ ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በታተሙ ጽሑፎች በግምት ለሚገነባ ግንበኛ ተነግሮ ይገኛል፤ ዳኛው ከመወለዱ በፊት ማለት ነው። ሁለቱን ማያያዝ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በስንዝርና በክንድ ሲለካ ለኖረ ሕዝብ የአውራ ጣት መለኪያ እንግዳ አይደለም።

«ዘ ሆል ናይን ያርድስ»፣ ማለትም ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የጥይት ዝናር ርዝመት የመጣ ነው ይባላል። በ1907 በኢንዲያና የታተመ ጋዜጣ ላይ ግን ፈሊጡ አለ። በ1912 በኬንታኪ ደግሞ «ስድስት ያርድ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ራሱ ሲቀያየር ከኖረ፣ ዘጠኝ ያርድ የሚሆን ዕቃ መፈለግ ከመጀመሪያውም መንገድ መሳት ነበር።

አሠራሩ አጭር ነው፦ መዝገበ ቃላቱ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን ዓመት ይሰጣል፤ የተነገርዎት ታሪክ ከዚያ ዓመት በኋላ ከሆነ ይተዉት። በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩ ከሆነ ይህን ማጣሪያ ሳያልፍ ምንም ታሪክ ለተማሪ አይንገሩ።

9. አንባቢዎ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይወቁ

በሎንዶን ስብሰባ ላይ አንድን ሐሳብ «ቴብል» ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ነው። በዋሽንግተን ግን ለሌላ ጊዜ ማቆየት፣ ወደ ጎን ማድረግ ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ እንደሚያወሱት፣ የብሪታንያና የአሜሪካ ሹማምንት በዚህ ቃል የተነሣ ረጅምና ምሬት ያለበት ክርክር አድርገዋል፤ ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። «ሙት ፖይንት»ም በብሪታንያ ገና አከራካሪ የሆነ ጉዳይ፣ በአሜሪካ በአብዛኛው መከራከሩ ትርጉም ያጣ ጉዳይ ነው። በአፍሪካ ኅብረት ስብሰባዎች የሚያስተረጉሙ፣ በአሜሪካ ሆነው ለብሪታንያ ድርጅቶች የሚጽፉ ወገኖች እነዚህን ሁለት ቃላት ከመጠቀም ይልቅ «ለውይይት ቀረበ»፣ «ለሌላ ጊዜ ተላለፈ» የሚለውን በግልጽ ቢጽፉ ይሻላል።

10. ከመላክዎ በፊት በመፈለጊያው ያጣሩ

ጽሑፉ ሲያልቅ ደብተርዎን ይክፈቱ። በኮምፒውተሩ የቃል መፈለጊያ ላይ ከዝርዝርዎ አንድ አንድ ቃል እያስገቡ የተገኘበትን ቦታ ሁሉ ይመልከቱ፤ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይህን አይተካም፣ ዓይን የለመደውን ስሕተት ይዘለዋልና። በእያንዳንዱ ቦታ የገጹን ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይቀጥላል ወይስ ይፈጸማል? ምንን? ማን አስታወሰ? «አንቲል»ን አስቀድመው ይፈልጉ፤ ቀን የያዘ የሥራ ደብዳቤ ላይ ቶሎ ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነው። በአንድ ወር ውስጥ አንዴም ያልተሳሳቱበትን ገጽ ከደብተሩ ይቅደዱና ለአዲስ ጥንድ ቦታ ያድርጉ።